ያንማር 2ጂኤም20፦ ሞተሩ ሐይቁ መሐል እየጠፋብኝ ነው፤ የናፍጣ መሳቢያ ፖምፓውን ልቀይር?

ማለዳ_ዘጌ (ባሕር ዳር)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ጀልባዬ ላይ ያለው ሞተር ያንማር 2ጂኤም20 ነው። ሁለት ሲሊንደር፣ 18 የፈረስ ጉልበት። ያረጀ ነው፤ ግን እስካሁን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰው ይዤ ወደ ዘጌ ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ድምፁ ተለወጠ። አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው። ከዚያ ጥፍት አለ። አምስት ደቂቃ ጠብቄ ስሞክር ተነሳ። አሥር ደቂቃ ሄዶ ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ጭራሽ እምቢ አለ። ነፋሱ ሳይነሳ አንድ አሣ አስጋሪ ጎትቶ አወጣን። ጣናን የሚያውቅ ሰው ከሰዓት በኋላ እዚያ መሐል ላይ ሞተር አልባ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጎረቤቴ ያለ መካኒክ «ትንሿ ፖምፓ ናት፣ ቀይራት» አለኝ። ከሞተሩ ጎን በሁለት ብሎን የታሰረችው፣ የእጅ ምላስ ያላት። መቀየሩን ራሴ ልሠራው አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ግን እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። ምን ልፈትሽ?

---

ናፍጣ_ልብ (አዲስ አበባ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ወጣችሁ።

ፖምፓ ለመቀየር አትቸኩል። ጠፍቶ፣ አርፎ፣ እንደገና የሚነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ ናፍጣ በደንብ አይደርሰውም ማለት ነው። ለምን እንደማይደርሰው ደግሞ ከታንከሩ ጀምረህ ነው የምትፈልገው። እኔ ጋራዥ ውስጥ በዚህ ምልክት የመጣ መኪና ሁሉ ፖምፓው ቢቀየር ኖሮ ግማሹ እንደገና ተጎትቶ ይመለስ ነበር።

መጀመሪያ ውሃ መለያውን ፊልትሮ ግለጠው። ታች የተጠራቀመውን በንጹሕ ብርጭቆ ቅዳና ብርሃን ላይ እየው። ናፍጣችሁ በጀሪካን የሚመጣ ከሆነ ውሃና ዝቃጭ አይጠፋውም። ቀጥሎ የታንከሩ መተንፈሻ። ተርብ ጎጆ ሠርታበት ታንከሩ አየር ሲያጥረው አይቻለሁ። ክዳኑን ከፍተህ ስትነዳ ደህና ከሄደ መልሱ እሱ ነው። ከዚያ ጎማ ቱቦዎቹ። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይላጥና እንደ ክዳን ይዘጋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚለይ ፈተና አለ። ንጹሕ ናፍጣ በትንሽ ጀሪካን ያዝ። ጀልባው ወለል ላይ፣ ከታንከሩ እኩል ከፍታ ላይ አስቀምጠው። በአዲስ ቱቦ ቀጥታ ወደ ትንሿ ፖምፓ መግቢያ አገናኘው። ሞተሩ ደህና ከሠራ ችግሩ ከፖምፓዋ በፊት ነው። አሁንም ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ፖምፓዋ ይዞራል። ጀልባው ታስሮ ይሁን።

---

ዝዋይ_ዳር (ባቱ)
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡40

ናፍጣ_ልብ ያለው ልክ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሞተር ዘይቱን መለኪያ አይተኸዋል? መጠኑ ጨምሯል?

እኛ ከባቱ ወደ ቱሉ ጉዶ የሚመላለስ ጀልባ አለን። ወንድሜ ይነዳል፣ ሞተሩን እኔ ነኝ የማየው። አምና ዘይቱ «አይጎድልም፣ ጎበዝ ሞተር ነው» እያልን ስንደሰት ለካ ናፍጣ እየገባበት ነበር።

---

ማለዳ_ዘጌ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሙሉ ቀን እዚያው ነበርኩ።

ፊልትሮው ውስጥ ትንሽ ውሃ ነበር፤ የቡና ስኒ ሩብ የሚሆን። አጸዳሁት፣ አዲስ ፊልትሮ አስገባሁ። መተንፈሻው ክፍት ነው። ከዚያ የጀሪካኑን ፈተና አደረግሁ። ወለል ላይ አስቀምጬው ስምንት ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ። እንደገናም እንደዚያው። ከዚያ በራሴ ሐሳብ ጀሪካኑን ከሞተሩ በላይ፣ ወንበሩ ላይ ሰቀልሁት። የሚገርመው፣ አርባ ደቂቃ ሳይጠፋ ሠራ! ፖምፓዋን ሳልቀይር ጀሪካኑን ከፍ አድርጌ ብሠራስ ብዬ አሰብሁ።

እህቴ ዝዋይ_ዳር፣ ያንቺን ጥያቄ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። መለኪያውን አወጣሁት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት ያህል አልፏል። ቀጭን ነው። ከጣቴ ላይ እንደ ውሃ ነው የሚንጠባጠበው። ሽታው ናፍጣ ነው።

---

ምጽዋ_71
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡15

ልጄ፣ ሞተሩን ከአሁን በኋላ እንዳታስነሣው። አንድ ጊዜም ቢሆን። መጀመሪያ ይህን አንብብ።

እኔ በባሕር ኃይል ምጽዋ ላይ በትንንሽ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ነው ያደግሁት፤ እስከ 1982። ያገኘኸው ነገር ከመጥፋቱ ይልቅ የሚያሳስብ ነው።

ትንሿ ፖምፓ ሆዷ ውስጥ ዲያፍራም የሚባል ስስ ላስቲክ አላት። ከታች ክንድ አላት። ክንዷን የሚገፋት ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ካም ነው፤ አንድ ጎኑ ጉብ ያለ። ካሙ ሲገፋ ላስቲኩ ይወርዳል፣ ናፍጣ ይስባል። ካሙ ሲለቅ ሞላው ላስቲኩን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ናፍጣውን ወደ ፊልትሮና ወደ ዋናው ፖምፓ (በከፍተኛ ግፊት ወደ ሲሊንደር ወደሚልከው) ይገፋል። ግፊቷ ትንሽ ነው፤ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ቢሆን ነው። ላስቲኩ ከተቀደደ ሁለት ነገር ይሆናል። መሳብ ያቅታታል። ናፍጣውም በቀዳዳው ወርዶ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ካለው ዘይት ጋር ይቀላቀላል።

ጀሪካኑን ከፍ ስታደርግ የሠራልህ ናፍጣው በራሱ ክብደት በፖምፓዋ ቫልቮች አልፎ ስለሄደ ነው። ይህ ፖምፓዋ መሞቷን አረጋገጠልህ። ግን በዚያው አርባ ደቂቃ ናፍጣው በተቀደደው ላስቲክ በኩል ወደ ዘይቱ ሲወርድ ነበር። ከፍታው ግፊት ጨመረለት።

የቀጠነ ዘይት ክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚዞርበትን ብሮንዚን አያድንም። ከዚያ የባሰውን ደግሞ አንድ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ዘይቱ በናፍጣ ሞልቶ ሲያልፍ ሞተሩ ያንኑ ከሆዱ እየሳበ ማቃጠል ይጀምራል። ያን ጊዜ ናፍጣውን ብትዘጋውም አይጠፋም። ዙሩ እየጨመረ፣ እየጮኸ ይሄዳል። እኛ የአየር መግቢያውን በጣውላ አፍነን ነው ያጠፋነው። እጅህን ወይም ጨርቅ እዚያ እንዳታስጠጋ፤ ይስበዋል።

---

ማለዳ_ዘጌ
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰውነቴ ቀዝቅዞ ነው ያነበብኩት። ነገ መንገደኛ ልጭን ነበር። ሰርዣለሁ።

ፖምፓዋን ነገ ጠዋት እፈታለሁ።

---

ናፍጣ_ልብ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡00

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ዘይቱ የጨመረው በውሃም ሊሆን ይችል ነበር። ውሃ ከሆነ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል። ያንተ ጥቁርና ቀጭን ነው፣ ይሸታልም። ስለዚህ ናፍጣ ነው። ዋናው ፖምፓም አልፎ አልፎ ወደ ዘይት ሊያፈስ ይችላል። በጀሪካኑ ፈተና የወደቀችው ግን ትንሿ ናት። ከሷ ጀምር።

ስትፈታት ሁለት ነገር አድርግ። የናፍጣውን መስመር ከታንከሩ በኩል ዝጋ። የመግቢያውንና የመውጫውን ቱቦ ምልክት አድርግባቸው። ቀይ ክር ለመግቢያው ብታስር በቂ ነው። ሲገጠም አቀያይሮ ያሰረ ሰው ቀኑን ሙሉ አየር ሲያስወጣ ይውላል።

---

ማለዳ_ዘጌ
ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡45

ፈታኋት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያየሁትን ግን ማመን አቃተኝ።

ፖምፓዋ ከአንገቷ ሥር፣ ከሞተሩ ውጭ በሚቀረው በኩል፣ የክብሪት እንጨት የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አላት። ቀዳዳዋ በግራጫ የብረት ማጣበቂያ ተደፍናለች። በጥንቃቄ ነው የተደፈነችው። በላዩም በሞተሩ ቀለም ተቀብቷል። ከእኔ በፊት ጀልባውን የያዘው ሰው ሳይሆን አይቀርም። በካቻቢቴ ጫፍ ስፈለቅቀው ናፍጣ ፈሰሰ።

ስከፍታት ላስቲኩ ከመሐሉ ዘንግ ዙሪያ ግማሽ ክብ ያህል ተሰንጥቋል። በጣት ሲጫኑት እንደ ከንፈር ይከፈታል። ጠርዙ ደርቆ እንደ ካርቶን ሆኗል።

ቀዳዳዋ ለምንድን ነው?

---

ምጽዋ_71
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

ቀዳዳዋ መልእክተኛ ናት፤ ልጄ። ላስቲኩ መሰንጠቅ ሲጀምር ናፍጣው በሷ በኩል ወደ ውጭ እንዲንጠባጠብና እንድታየው ነው የተበጀችው። አንድ ሰው ጠብታውን አየና ፖምፓዋን በመቀየር ፈንታ ቀዳዳዋን ደፈነ። ናፍጣው መውጫ ሲያጣ በዘንጉ ዙሪያ ወደ ዘይቱ ገባ። የተደበቀው እንዲህ ነው።

አዲሷን ስትገጥም ቀዳዳዋ ክፍት መሆኗን አረጋግጥ። ቀለምም እንዳይነካት።

---

ዝዋይ_ዳር
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

እንዴት ያናድዳል! ሰው የሚጭን ጀልባ ላይ እንዲህ ይደረጋል?

አሁን ወደ አዲሷ እንሂድ። ላስቲኩን ብቻ መቀየር የሚቻልባቸው ፖምፓዎች አሉ። የኛ በብሎን የምትከፈት ስለነበረች መጠገኛ ዕቃ አግኝተን ሠርተናታል። ያንተ ግን ለዓመታት በናፍጣና በማጣበቂያ የተጎዳች ናት። ክንዷም የተበላ ይሆናል። ጫፏን እየው። ካሙ የሚነካት ቦታ ላይ ጎድጎድ ካለች ሙሉውን ቀይር።

ስትገዛ አሮጌዋን ይዘህ ሂድ። «ይገጥማል» የሚለውን ቃል ብቻ አትመን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ። የብሎኖቹ ርቀት አንድ ዓይነት ሆኖ የክንዱ ርዝመት ወይም ቁልመማ የሚለይ አለ። ክንዱ ካጠረ አትስብም። ከረዘመ ሞተሩ ሲዞር ክንዱ ይሰበራል፣ ስባሪው ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል።

---

ማለዳ_ዘጌ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ክንዷ ተበልቷል፤ ጥፍር የምታስቆም ጎድጓዳ አላት። አዲስ ገዛሁ። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ መርካቶ ዞሮ ሁለት አገኘ። አንዷ ቁርጥ የኔን ትመስላለች። ፎቶ ልኮልኝ ሳወዳድር ክንዷ በአምስት ሚሊሜትር ያህል ትረዝማለች። በዝዋይ_ዳር ምክር ተውኳት። ሁለተኛዋን በአውቶቡስ ላከልኝ። ከነጓርኒሲዮኗ (ከነማሸጊያዋ) ናት።

አገጣጠሟን የሚያውቅ ቢነግረኝ?

---

ጎተንበርግ_ሸራ (ስዊድን)
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሰላም ወንድሜ። እኔ እዚህ ስዊድን በምዕራቡ ዳርቻ ትንሽ ሸራ ጀልባ አለኝ። ሞተሬ ካንተ ጋር አንድ ነው። ፖምፓዋን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያውን በሦስት ሰዓት፣ ሁለተኛውን በግማሽ ሰዓት። ልዩነቱ አንድ ነገር ማወቄ ብቻ ነው፤ ካሙ የት እንዳለ።

ካሙ ጉብ ያለው ፊቱ ወደ ፖምፓዋ ዞሮ ከቆመ፣ ስትገጥማት ክንዷ ከጉብታው ጋር ትጋጫለች። ሞላው ይታገልሃል። አንዱን ብሎን ስታስይዝ ሌላው በኩል ይከፈታል። ሰው በዚህ ጊዜ ብሎኑን በኃይል ይስባታል። አንገቷ የሚሰነጠቀው ወይም የብሎኑ ጥርስ የሚላጨው ያኔ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሁለቱን ሲሊንደር ዲኮምፕረሽን እጄታ (የሲሊንደሩን ግፊት የሚለቀውን) አንሣ። ፊት ለፊት ባለው ፑሊ ብሎን ላይ ቁልፍ አስገብተህ ሞተሩን በእጅህ አዙር። ወደሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ። ወደ ኋላ ካዞርከው የውሃ ፖምፓው ላስቲክ ክንፎች ይታጠፋሉ። እያዞርክ ጣትህን በቀዳዳው አስገብተህ ካሙን ንካው። ጉብታው ሲሸሽ ይሰማሃል። እዚያ አቁም።

ቀዳዳውን ከማጽዳትህ በፊት ንጹሕ ጨርቅ ወትፍበት። አሮጌውን ጓርኒሲዮን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ፋቀው። በቢላዋ አትቧጭረው። ፍርፋሪው ሞተሩ ውስጥ መውደቅ የለበትም። ጨርቁን ማውጣትም እንዳይረሳ!

የክንዷን ጫፍ በሞተር ዘይት ቀባ። ትንሽ አዘንብለህ አስገባት። ክንዷ ከካሙ በየትኛው በኩል እንደምትቀመጥ አሮጌዋን ስትፈታ አይተህ መሆን አለበት። በተሳሳተው በኩል ከገባች በመጀመሪያው ዙር ትሰበራለች። በእጅህ ስትጫናት ከሞላ ጎደል ለጥ ብላ መቀመጥ አለባት። ከዚያ ሁለቱን ብሎኖች እያፈራረቅህ፣ ትንሽ በትንሽ፣ በአጭር ቁልፍ አጥብቅ።

---

አዲስ_ገቢ_22
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡15

ይቅርታ መሐል ገባሁ። ይህን ሁሉ ከማየት ለምን በኤሌክትሪክ ፖምፓ አይተካም? ቀዳዳውን በሳህን ዘግቶ ማለቴ ነው። ናፍጣም ወደ ዘይት አይገባም።

---

ጎተንበርግ_ሸራ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡40

ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ ያደረጉት ብዙ ናቸው። ጥቅሙ ያልከው ነው፤ አየር ማስወጣትም በጣም ይቀላል። ቁልፍ ትጫናለህ፣ እሱ ይገፋል። ግን ግፊቱ እንደ ትንሿ ፖምፓ ዝቅተኛ መሆን አለበት። ለቤንዚን ኢንጀክሽን መኪና የተሠራውን ብታስገባ ፊልትሮውንና ጓርኒሲዮኑን ይገፋቸዋል። ሞተሩ ሲቆም እሱም እንዲቆም ሽቦውን በዘይት ግፊት ስዊች ማሳለፍ ያስፈልጋል። አለዚያ ቱቦ ቢነቀል የጀልባውን ሆድ በናፍጣ ይሞላዋል።

---

ምጽዋ_71
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡05

የጎተንበርጉ ልጅ በጥሩ አስረድቷል። እኔ ግን ለጣና አልመርጠውም። ይህ ሞተር አንዴ ከተነሣ ለመሥራት ባትሪ አያሻውም። ሽቦው ቢቆረጥ፣ ባትሪው ቢሞት፣ እስከ ወደቡ ያደርስሃል። ትንሿ ፖምፓ በካም ስለምትሠራ ነው። በኤሌክትሪክ ከተካሃት አንድ ርካሽ ፊውዝ ጀልባህን መሐል ውሃ ላይ ያቆማታል። የምትጭነው ሰው ስለሆነ ነው ይህን የምለው።

---

ዝዋይ_ዳር
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡30

በዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ። አሮጌዋ ያገለገለችውን ያህል አዲሷም ታገለግላለች፤ ቀዳዳዋን እስካዩ ድረስ።

ማለዳ_ዘጌ፣ ዘይቱን ሳትቀይር እንዳታስነሣ። የዘይት ፊልትሮውንም አብረህ። ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ስለዚህ ርካሽ ዘይት ጨምረህ አንድ ሰዓት አካባቢ አሠራውና እንደገና ቀይር። የወጣውን በጀሪካን ይዘህ ወደ ጋራዥ ውሰድ። ጀልባው ሆድ ውስጥ የፈሰሰውን በጨርቅ ምጠጠው እንጂ በፖምፕ ወደ ሐይቁ አታውጣው። እምቦጩ ያስጨነቀው ሐይቅ ይበቃዋል።

---

ማለዳ_ዘጌ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡20

ተገጠመች። ለጥ ብላ ተቀመጠች፣ ሞላ አልታገለኝም። ዘይቱን በመለኪያው ቀዳዳ በመምጠጫ አውጥቼ ቀየርኩ።

አሁን ግን ተጨንቄያለሁ። አየር ለማስወጣት የእጅ ምላሷን ስገፋ ምንም አይሰማኝም። ባዶ ነው። ልክ እንደ ልቅ ጥርስ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ናፍጣ አይመጣም። አዲሷም ብልሽት ናት ማለት ነው?

---

ናፍጣ_ልብ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡35

ተረጋጋ፣ አልተበላሸችም። ከገጠምካት በኋላ ሞተሩ ዞሮ ካሙ ጉብታው ላይ ቆሟል፤ ላስቲኩን አስቀድሞ ስቦ ይዞታል። ስለዚህ የእጅ ምላሷ የምትስበው ነገር የላትም። ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር በእጅህ አዙረው። ክራንኩ ሁለት ሲዞር ካሙ አንድ ነው የሚዞረው። ስለዚህ አንዱ ዙር ካሙን በግማሽ ያዞረዋል፣ ጉብታው ወደ ማዶ ይሄዳል። ያኔ ምላሷ ትከብዳለች።

ከዚያ በቅደም ተከተል። ሞተሩ ላይ ያለውን የፊልትሮ አየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርግ። ሥሩ ጨርቅ አድርግ። ምላሷን ግፋ፤ አርባም ሃምሳም ጊዜ ይሁን። አረፋው ጠፍቶ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲወጣ፣ እየገፋህ ሳለ ብሎኑን ዝጋ። ቀጥሎ ዋናው ፖምፓ ላይ ያለውን እንደዚያው። መጨረሻ የኢንጀክተር ቧንቧዎቹን ዳዶዎች ግማሽ ዙር አላላ። ሞተሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) እየመታህ ናፍጣ ጠብ ጠብ ሲል አጥብቃቸው። ቧንቧው ሲረጭ ጣትህን አታስጠጋ፤ ከኖዝል (ከመርጫው) የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል።

---

ጎተንበርግ_ሸራ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡50

ሞተሪኖውን ከመምታትህ በፊት የሐይቁን ውሃ ማስገቢያ ቫልቭ ዝጋ! ሞተሩ ሳይነሣ ደጋግመህ ካዞርከው የውሃ ፖምፓው የጭስ ማውጫውን በውሃ ይሞላዋል። የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውሃው ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። ውሃ አይጨመቅም፤ ሞተር ይሰብራል። ቁልፉ ላይ ወረቀት ለጥፍ፤ «ውሃ ዝግ ነው» የሚል። በተነሣ ቅጽበት ክፈተው። ሞተሪኖውንም ከአሥራ አምስት ሰከንድ በላይ አትያዘው። ይረፍ።

---

ማለዳ_ዘጌ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡40

ናፍጣ_ልብ፣ አንድ ዙር አዞርኩት። ምላሷ ወዲያው ከበደች! ስገፋት «ጭቅ ጭቅ» የሚል የናፍጣ ድምፅ ትሰጣለች። ደስታዬን መናገር አልችልም።

ግን አረፋው አልቆም አለ። መቶ ጊዜ በላይ ገፍቻለሁ። ጥርት ይልና እንደገና ትንንሽ አረፋ ይመጣል። ውጭ ላይ አንድ ጠብታ ናፍጣ የሚፈስ የለም።

---

ምጽዋ_71
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡10

የማይፈሰው ታንከርህ ከፖምፓዋ በታች ስለሆነ ነው። በመሳቢያው በኩል ያለ ክፍተት አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ ናፍጣ ወደ ውጭ አያወጣም። ስለዚህ ዓይንህ አያገኘውም። አዲስ የነካኸውን ብቻ ፈትሽ። የመግቢያውን ብሎን ስታስር የመዳብ ሮንዴላዎቹን (ቀለበት ማሸጊያዎቹን) አሮጌዎቹን መልሰህ ነው?

---

ማለዳ_ዘጌ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡15

አዎ ጋሼ። አሮጌዎቹን ነው።

---

ምጽዋ_71
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡30

ያ ነው። መዳብ አንዴ ሲጨመቅ ይደነድናል፣ ሁለተኛ አይታተምም። አዲስ ካጣህ አሮጌውን በፒንሳ ይዘህ እሳት ላይ አቅላው። ውሃ ውስጥ ክተተው። መዳብ እንደ ብረት አይደለም፤ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል። ጥቁሩን በአሸዋ ወረቀት አጥራና መልስ። የናፍጣ ብሎን ላይ ነጭ የቧንቧ ቴፕ እንዳትጠቀልል። ክሩ ተቆርጦ ኖዝል ውስጥ ይገባል። የቱቦውንም ፋሼታ (ማሰሪያ) አብረህ እይ።

---

ማለዳ_ዘጌ
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡05

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁለቱን ሮንዴላዎች እናቴ ከሰል ምድጃ ላይ አቀላሁ። እንደ ፍም ሲሆኑ ውሃ ውስጥ ጨመርኳቸው። ሲወጡ ሮዝ መስለዋል፣ በጣት ሲጫኗቸው ይጎብጣሉ። አሰርኳቸው።

በሃያ ሁለተኛው ግፊት አረፋው ቆመ። ውሃውን ዘጋሁ፣ ወረቀቱን ለጠፍኩ። በሁለተኛው ሞተሪኖ ኋለኛው ሲሊንደር «ደፍ» አለ፣ ከዚያ ፊተኛውም ተቀበለው። ቫልቩን ከፈትኩ። ከኋላ ውሃው ሲረጭ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ታስሮ እንዳለ አንድ ሰዓት አሠራሁት። ከዚያ ዘይቱን እንደገና ቀየርኩ። ሁለተኛውም ትንሽ የናፍጣ ሽታ ነበረው። ዝዋይ_ዳር፣ ሁለት ጊዜ ቀይር ማለትሽ እንዴት ልክ ነበር!

---

አዲስ_ገቢ_22
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

እንኳን ደስ አለህ። ላለፈው ጥያቄዬ ስለመለሳችሁም አመሰግናለሁ። የኔም ሞተር ላይ ዛሬ ሄጄ ቀዳዳዋን ፈለግኋት። በቅባትና በአቧራ ተደፍና ነበር። በሽቦ ከፈትኳት። ደረቅ ናት።

---

ዝዋይ_ዳር
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡25

ደግ አደረግህ። ማለዳ_ዘጌ፣ ከሃያ ሰዓት ሥራ በኋላ የዘይቱን ከፍታ ጻፍልን። በምልክቱ ላይ ብቻ አትመን፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጀልባው ሰው ሳይጭን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሁኔታ ለካው።

---

ማለዳ_ዘጌ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ቃሌን ልጠብቅ ብዬ ነው የተመለስኩት። ሠላሳ አንድ ሰዓት ሠርቷል። ዘጌ ስምንት ጊዜ፣ ደቅ አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ። አንድም ጊዜ አልጠፋም። ዘይቱ ከጀመርኩበት ምልክት ላይ በፀጉር ያህል ወርዷል እንጂ አልጨመረም። ቀለሙም ሽታውም የዘይት ነው።

አሮጌዋን ፖምፓ አልጣልኳትም። ረዳቴ አዲስ ልጅ ነው። ከፍቼ የተሰነጠቀውን ላስቲክ በጣቱ አስነካሁት፣ የተደፈነችውንም ቀዳዳ አሳየሁት። አሁን ጠዋት ጠዋት ጀልባው ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ይላል። ጣቱን ከፖምፓዋ ሥር ያሳልፋል፣ ያሸተዋል። ዛሬም ደረቅ ናት።